የቅሉ ውታፍ ክርክር

ጉደር፣ ጥቅምት 14 ቀን 1982 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለነጋሳ፣ ካለህበት ከድሬስደን ከተማ፤

የጌታ ሰላም ይቅደምህ፣ የእኔ ሰላምታ ደግሞ ይከተለው። ብርዱ እንዴት አድርጎሃል? እኛ ስሙ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን።

የላክሃቸው ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ዝም ያልኩህ ንቄህ አይደለም። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሳና እጄ እምቢ ይለኛል። እናትህ እትዬ ድንቅቱ ካረፈች ወዲህ አንተ የእኛ ቤት ልጅ ነህ፤ ከቤት ልጅ ደግሞ ነገር አይደበቅም፤ ስለዚህ ልንገርህ።

ሞሲሳ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት አለፈው። ሥልጠናውን ሲጨርስ «ወደ ሰሜን እየሄድን ነው፣ አባባን አደራ» ብሎ አጭር ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ወንድሜ ለአባባ አንድ ወንድ ልጅ እንደሆነ ታውቃለህ፤ እናታችንም የለችም፤ እና ጭንቁ በአባባ ላይ ወደቀ።

ሐምሌ ላይ ለጎረቤታችን ለተሬፋ ልጅ መርዶ መጣ። አባባ ከለቅሶው ሲመለሱ በራፉ ላይ ካለችው ባለሦስት እግር ዱካ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ኦቦ ኤጄታ! ድንበር የተጋፋ ገበሬ፣ ከሚስቱ የተኳረፈ ባል ሁሉ «ኤጄታ ይምጣልን» የሚላቸው፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያፈራረቁ ዳኛ የሚረቱ ሰው፣ ዛሬ «አባባ፣ ወተት ላምጣ?» ብላቸው ዓይናቸውን አንስተው ያዩኛል፣ በቃ። ምግብ ከቀመሱም ለእኔ ብለው ነው። እኔ ጤና ረዳት ነኝ ባይ ደም ግፊታቸውን ለካሁ፣ ደረታቸውን አዳመጥኩ፤ የያዛቸው ግን ክኒን የሌለው በሽታ ነው። ልብሱ እየሰፋቸው ነው። በዚሁ ከቀጠሉ የሚመጣውን ክረምት አይሻገሩልኝም።

ገንዘብ ልላክ ወይ ብለሃል። አትላክ። ወሬ ላክልኝ። አንተና ሞሲሳ ልጆች ሆናችሁ እኛ ቤት ስትከርሙባቸው ስለነበሩት ክረምቶች ጻፍልኝ። እኔ ያኔ መጀመሪያ ዘመቻ፣ ቀጥሎ ነቀምት ሥልጠና ላይ ስለነበርኩ የማውቀው ነገር የለም፤ የምነግራቸውም አጣሁ። አንተ ጻፍ፣ እኔ አነብላቸዋለሁ። ሰሙም አልሰሙም አነባለሁ።

አደራ፣ እንደ ልማድህ አትለግም።

እህትህ ሲንቄ ኤጄታ

*

ድሬስደን፣ ኅዳር 19 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለእህቴ ለእትዬ ሲንቄ፤

አካም ጅርታ? እንደምን አለሽ? ሰላምታዬ ጋራ ሸንተረሩን አቋርጦ ጉደር ድልድይ ላይ ያግኝሽ። ደብዳቤሽን ትራም ውስጥ ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩና የምወርድበት ጣቢያ አልፎኝ ሄደ። እዚህ ያለው ነገር ብዙ ነው፣ ሕዝቡ በየማታው አደባባይ ይወጣል፣ በደብዳቤ የሚጻፍ አይደለም። የእኔ ነገር ይቆይ።

ከዚህ በታች ያለው ለአጎቴ ነው፤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

አጎቴ ሆይ፣ እንደምን ከረሙ? ነጋሳ ነኝ። ክረምት ትዝ ቢለኝ ነው።

ክረምት የሚገባልኝ ሞሲሳ ከጉደር በፈረስ ሊወስደኝ አምቦ ሲመጣ ነበር። ትምህርት ቤት ቢዘጋ፣ ዝናብ ቢዘንብ፣ እሱ ካልመጣ ለእኔ በጋ ነው። እናቴ እዚያው አምቦ ፍል ውሃው መዋኛ በር ላይ ቲኬት ትቆርጥ ስለነበር እንግዳዬን በነጻ ታስገባልኝ ነበር። ዝናቡ እንደ ጉድ እላያችን ላይ ይወርዳል፣ ፀጉራችን በብርድ ይቆማል፣ ከአንገታችን በታች ግን ውሃው ሞቆ ደስ ይላል። ሞሲሳ አንዴ ከራሱ ውሃ እየጠረገ «ይሄ እኮ ጉደር ቢሆን ከብቱንም አስገባው ነበር!» አለ። እናቴ ሰምታ ስትስቅ ቲኬቱ ከእጇ ወድቆ ጭቃ ውስጥ ገባ።

የዚያን ዓመት ነው የቅሉ ነገር የመጣው። አክስቴ፣ የሞሲሳ እናት፣ ጨጓራዋን ስለሚያማት የአምቦ ውሃ ትወድ ነበር። ግን ከምንጩ ተቀድቶ ጉደር እስኪደርስ ጋዙ ይወጣና ተራ ውሃ ይሆናል። እኛ ደግሞ አዋቂዎች አይደለን! «ጋዙ የሚያመልጠው ክዳኑ ስለሚላላ ነው» ብለን መከርን። ትልቁን ቅል ከምንጩ ሞላነውና በበቆሎ ቆረቆንዳ ወተፍነው፤ እንዳይነቀል ደግሞ በድንጋይ ጠቀጠቅነው። ከዚያ በዳማው ፈረስ ተፈናጥጠን እስከ ጉደር ሶምሶማ! ቅሉ ሆዱን ይዞ ከእኛ ጋር እየዘለለ።

ስንደርስ ቤታችሁ የጤፍ አረም ደቦ ነበር። ሰዉ ጭቃውን ታጥቦ ገበታ ከቧል፣ የማያሰክረው ጠላ፣ ቡቅሪው፣ ተቀድቷል፣ ወንጌላዊ ቀነዓ ጸሎት ይዘዋል። እኚያን ሰው ታውቋቸዋላችሁ፤ እሳቸው ጸሎት ሲይዙ ወጥ ይቀዘቅዛል። ለዝናቡ ጸለዩ፣ ለከብቱ ጸለዩ፣ ለመንገደኛው ጸለዩ፣ ባሕር ተሻግረው ለቻይና ሕዝብ ሊጀምሩ ሆነ። የተራበ ሰው ሆድ በየጥጉ ይጮሃል። እኔ ቅሉን አቅፌ በራፉ ላይ ቆሜያለሁ። በዚህ ጊዜ ቅሉ ጧ! አለ። ቆረቆንዳው ተስፈንጥሮ የወንጌላዊውን ግንባር መታው። «አሜን!» አሉ ደንግጠው። ደቦው በሙሉ «አሜን!» አለና እንጀራው ላይ ወረደ።

ያን ቀን ጸሎቱን ስላሳጠርኩላቸው የተመረቅሁትን ምርቃት እስከ ዛሬ እየበላሁት ነው፣ አጎቴ። እግዜር ይስጥልኝ።

ልጅዎ ነጋሳ

*

ጉደር፣ ጥር 11 ቀን 1982 ዓ.ም.

ነጋሳ፣ ሰላምታህን ኋላ ትወስዳለህ። መጀመሪያ ወሬውን ውሰድ፤ አባባ ተናገሩ!

ደብዳቤህን ከክሊኒክ ስመለስ እዚያው ዱካቸው አጠገብ ቆሜ አነበብኩላቸው። መዋኛውን አነበብኩ፣ ዝም። ቅሉን አነበብኩ፣ ዝም። «በዳማው ፈረስ ተፈናጥጠን» ከሚለው ስደርስ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱና «ሚቲ!» አሉ።

እኔ ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ ጠየቅሁ። «ምን አሉ አባባ?»

«ሚቲ! ዳማ አይደለም። ዳማውን ያኔ ሸጠነዋል። ቦራ ነው! ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ። ይህ ልጅ ድሮም ፈረስ አያውቅም፣ የከተማ ልጅ!»

ከሐምሌ ጀምሮ የታፈነ ድምፅ ነው፤ ሻክሯል፣ ግን የእሳቸው ነው። እኔ እንዳልገባኝ ሆኜ ማንበቤን ቀጠልኩ። «እኔ ቅሉን አቅፌ» የሚለው ላይ ስደርስማ ብድግ አሉ። «ቅሉን ያቀፈው ሞሲሳ ነው! ነጋሳ ፈረሱን እያሰረ ነበር፤ ደጅ ነበር፤ ከየት መጥቶ ያቅፋል? የልጄን ስም ለራሱ ሊወስድ!» አሉ። «እሱ ግን እኔ ነኝ ነው የሚለው» አልኳቸው፣ ነገር ለማባባስ። «ይዋሻል! ጻፊለት፣ ይዋሻል ብሏል ኤጄታ በይው!» አሉና ዞር ብለው ወተት ጠየቁ። ጠየቁ እኮ ነው የምልህ! ወተቱን ሰጥቼ ጓዳ ገባሁና ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ።

ስማኝ እንግዲህ። ገንዘብ አልፈልግም፤ ኮት ልላክ ብትልም ለራስህ ልበሰው። እኔ የምፈልገው ስህተት ነው። አሳምረህ የጻፍከው ሁሉ በአባባ ጆሮ አልፎ ሄደ፣ የተሳሳትከው ግን ከዱካቸው አስነሳቸው። እባክህ ወንድሜ፣ ተሳሳትልኝ። ወንዙን አዙረው፣ በሬውን ቀይ በለው፣ የፈለግከውን አድርግ። ብቻ ቶሎ።

አሁን ሰላምታህን ውሰድ፤ ጌታ ዘመንህን ይባርክ፣ ብዕርህ አይንጠፍ።

ሲንቄ

*

ድሬስደን፣ መጋቢት 6 ቀን 1982 ዓ.ም.

እትዬ ሲንቄ፤

ሰላምሽ ብዙ ይሁን። ደብዳቤሽን አንብቤ ስስቅ ስስቅ አብሮኝ የሚኖረው ቬትናማዊ ልጅ ያበድኩ መስሎት ሻይ አፈላልኝ። መምህሮቼ ስህተቴን ለማረም አራት ዓመት ደከሙ፣ አንቺ ደግሞ ስህተት ላክ ትዪኛለሽ። እሺ፣ ትእዛዝሽ ይፈጸማል። ሁለተኛው ወረቀት ለአጎቴ ነው፤ ይህኛውን ደብቂው።

ለክቡር አጎቴ ለኦቦ ኤጄታ፤

ስለ ፈረሱ ይቅርታ፣ ቦራ ነበር፣ ተረታሁ። በሌላው ግን አልረታም። ክረምት ላይ ወንዙ ዳር ያለውን በቆሎ ከዝንጀሮ ስንጠብቅ ማማው ላይ ውለን የምንገባው እኛ አልነበርንም? እኔ ወንጭፍ በመወርወር ሞሲሳን አስከነዳው ነበር፤ እሱ እንኳን ዝንጀሮ ማማውንም አይመታም። እሸቱን እየጠበስን እንበላለን፣ ቆረቆንዳውን ወንዝ ውስጥ ጥለን የማን ቀድሞ ድልድዩን ያልፋል ብለን እንወራረዳለን። የሚያሸንፈው የእኔ ነው፣ ሁልጊዜ።

መብረቅ ሲያጉረመርም ሞሲሳ ከማማው ወርዶ የእርስዎ ጋቢ ውስጥ ይደበቅ ነበር፤ እኔ ብቻዬን እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ዝንጀሮ ምሳችንን ከነአገልግሉ ወስዶብን፣ እኔ ነኝ ተከትዬ ያስጣልኩት። ደግሞ ያኔ እርስዎ ጭቃ አዳልጦዎት ከነሞፈር ቀንበሩ ወድቀው፣ በሬዎቹ ዞረው አይተው ሲስቁብዎ ትዝ ይለኛል።

በቅሉ ጉዳይ ግን፣ አጎቴ፣ እግዜር ያሳይዎ፣ የያዝኩት እኔ ነኝ። ቅዝቃዜው እስከ ዛሬ ሆዴ ላይ አለ። በዚህ ለእርስዎም አልመለስም።

አክባሪዎ ነጋሳ

እትዬ፣ ይህቺ ለአንቺ ናት። መብረቅ የሚፈራው እኔ ነበርኩ። ወንጭፉም የእሱ ነው የሚመታው። የቅሉን ነገር ግን ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ እውነት እኔ ነኝ የያዝኩት።

*

ጉደር፣ ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለነጋሳ፤

የክረምቱ ጌታ በሰላም ያክርምህ። እዚህ ሰማዩ ጠቁሯል፣ መሬቱ ታርሷል፣ ሰው ዝናብ ይጠብቃል።

ደብዳቤህን አባባ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። መጀመሪያ ተቆጡ፤ «በሬዎቹ ሳቁ? በሬ ይስቃል?» አሉ። መብረቁ ላይ ሲደርሱ «ልጄ ነው መብረቅ የሚፈራ? እሱ ራሱ አይደለም እንዴ ብርድ ልብሴ ውስጥ እንደ ድመት የሚገባው!» ብለው ቀለዱብህ። በሁለተኛው ንባብ መሳቅ ጀመሩ። በሦስተኛው አስቆሙኝና ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «ሲንቄ፣ ይህ ልጅ ሆን ብሎ ነው የሚሳሳተው፣ አይደል?» አሉኝ።

እኔ አቀረቀርኩ። እሳቸውም «ጎበዝ ልጅ ነው። ጻፊለት፤ አሳምሮ ይሳሳት። እኔ እዚሁ ነኝ፣ አርመዋለሁ በይው» አሉ።

ሰው ይህን ያህል ያስባል ወይ፣ ነጋሳ? እኔ አስታማሚያቸው የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ለካ እኛ ደስ እንዲለን ይከራከራሉ።

የቅሉን ጉዳይ ግን ቀልድ አላደረጉትም። ከገበሬው ማኅበር አጥር ሥር ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት ቦታ ከዓመት በኋላ ወጥተው ጉዳዩን አቀረቡት። ኦቦ ሆርዶፋ «ቅሉን የያዘ ይመረቃል፣ ግን ማን ያዘ?» ብለው ጠየቁ፤ ወንጌላዊ ቀነዓን ለምስክርነት ጠሯቸው። እሳቸውም «እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ያየሁት ኮከብ ብቻ ነው» አሉ። ሰዉ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በመጨረሻ አባባ ራሳቸው ተነስተው «የዓይን ምስክር ሳይቀርብ አይፈረድም። በቦታው የነበረው ሦስተኛ ሰው ሞሲሳ ነው። ሞሲሳ እስኪመጣ በቀጠሮ ይቆይ» አሉ። ሽማግሌዎቹም «ይቆይ» አሉ። ማንም «ባይመጣስ» አላለም።

አሁን ለራሴ ልለምንህ። ባለፈው ወር ከሰሜን አንድ የቆሰለ ልጅ ተመልሶ መጥቶ፣ ቁስሉን እያጠብኩ ስለ ሞሲሳ ጠየቅሁት። ስሙን አላወቀውም። ያለበትን ግንባር ስነግረው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይህንን ለአባባ አልነገርኩም። ለማንም አልነገርኩም። እሳቸው ቀጠሮ አላቸው፣ እኔ ምን አለኝ? እባክህ፣ ለእኔ ደግሞ አንድ ጻፍልኝ። ለእኔ ስትጽፍ ግን አትሳሳት። ወንድሜ ምን ዓይነት ልጅ ነበር? እውነቱን ንገረኝ።

እህትህ ሲንቄ

*

ድሬስደን፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1983 ዓ.ም.

እትዬ ሲንቄ፣ እህቴ፤

ፀሐይ በሌለበት አገር ሆኜ ሰላም ስልሽ ከልቤ ነው። ስለ መዘግየቴ አትቀየሚኝ። ያስመጣኝ መንግሥት ፈርሶ ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሆነዋል። የምኖርበት የተማሪዎች ቤት ተዘጋ፣ ደብዳቤሽ በየቢሮው ዞሮ ዞሮ ባለፈው ሳምንት ነው እጄ የገባው። ሰኔ ላይ የጠየቅሽኝን በታኅሣሥ ስመልስ ልቤ ይደማል። ቬትናማዊው ልጅ አገሩ ገብቷል። እኔ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እሱን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ።

እናቴ የሞተችው ክረምት ሊገባ ሲል እንደሆነ ታስታውሺያለሽ። ለቀብር መጥተሽ ወዲያው ወደ ነቀምት ተመለስሽ። እኔን አጎቴ ይዘውኝ ጉደር ገቡ። ከዚያ በፊት ቤታችሁ ስመጣ እንግዳ ሆኜ ነው፤ እንግዳ ደግሞ መስከረም ሲጠባ ይሄዳል። የዚያን ዓመት ግን የምሄድበት አልነበረኝም። መኝታዬን ማን እንደሚያነጥፍልኝ፣ ስንት ቀን እንደምቆይ ለመጠየቅ አፈርኩ። ከገበታው ወደ ኋላ ብዬ እቀመጥ ነበር፣ ከጠሩኝ ነው የምቀርበው።

የደቦው ቀን ደረሰ። ያው ጤፍ አረም፣ ያው ጭቃ፣ ያው ወንጌላዊ ቀነዓ። ጸሎት ሲይዙ የቤቱን ሰው በየስሙ ይጠሩ ነበር። «የዚህን ቤት ጌታ ባሪያህን ኤጄታን ባርክ፣ ባለቤቱን ባርክ፣ በሩቅ ያለችውን ልጃቸውን ሲንቄን ጠብቅ፣ ሞሲሳን አሳድግ» አሉና ወደ ዝናቡ ሊያልፉ ሆነ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔም ጨፍኜ የቤቱ ስም ማለቁን እየሰማሁ ነበር።

ሞሲሳ ከአጠገቤ ጮክ ብሎ «ነጋሳንም!» አለ።

በወንጌላዊ ቀነዓ ጸሎት መሃል ሰው ተናግሮ አያውቅም፣ ከቅሉ በቀር። አጎቴ ይቆጡታል ብዬ ጠበቅሁ። አጎቴ ግን ጸሎቱ ሳያልቅ፣ ጮክ ብለው፣ «አሜን!» አሉ። ወንጌላዊውም ተመልሰው «ነጋሳንም አሳድግ» አሉ። አክስቴ እጄን ስባ ከሞሲሳ ጎን፣ ገበታው ላይ አስጠጋችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መስከረም ሲጠባ ወዴት እንደምሄድ አልጠየቅሁም፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ወንድምሽ እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። አሁን «ነበር» ማለቴን አንብቤ ልሰርዘው ፈለግሁ፣ ግን ተይው፣ የልጅነቱን ማለቴ ነው። ይህንን ለእሱም ለአጎቴም አንድ ቀን አመሰግናለሁ እያልኩ ሳልናገር ባሕር ተሻገርኩ። እናቴ የሞተችብኝ ልጅ ብሆንም ቤት አልባ ሆኜ አላውቅም፤ የእናንተ ሥራ ነው። እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈላችሁ፣ እኔ አልችልም።

እዚህ ማታ ማታ ብቻዬን ስበላ እጸልያለሁ። ሲያልቅ አሜን ከማለቴ በፊት ጮክ ብዬ «ሞሲሳንም!» እላለሁ። ጎረቤቴ ጀርመናዊት አሮጊት ግድግዳውን ትደበድባለች። ትደብድብ።

ወንድምሽ ነጋሳ

*

ጉደር፣ ሰኔ 25 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለነጋሳ፤

በሕይወት ላቆየን አምላክ ምስጋና ይሁን፤ ይኸው ደብዳቤ ለመጻፍ በቃሁ። መንግሥት መለወጡን ከእኛ ቀድመህ እንደሰማህ አውቃለሁ። መንገዱ ተዘግቶ፣ ፖስታ ቤቱም ተዘግቶ ነበር፤ ዛሬ ተከፈተ ሲሉ ሮጥኩ።

ታኅሣሥ የጻፍክልኝን ደብዳቤ ለራሴ ብቻ ላነበው ነበር ያሰብኩት። አልቻልኩም፣ ለአባባ አነበብኩላቸው። አንድም ቃል አላረሙም። «ልክ ነው» አሉ። «ሁሉም ልክ ነው» ብለው ዱካቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ሲቀርብ እየጸለዩ «ሞሲሳንም» ይላሉ፤ እኔ «ነጋሳንም» እላለሁ።

ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ የተበተነው ወታደር በአምቦ መንገድ ያልፋል። አንዳንዱ በእግሩ፣ አንዳንዱ በጭነት መኪና፣ ጫማ የሌለው ብዙ ነው። ወደ ነቀምት፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደየቤታቸው ነው የሚሄዱት። አባባ ጠዋት ጠዋት ያንን አሮጌ ቅል ውሃ ሞልተው ድልድዩ አፍ ላይ ይቀመጣሉ። የሚያልፈውን ሁሉ ያጠጣሉ። የቻልኩትን ያህል ቁስል እዚያው አጠገባቸው እጠርጋለሁ። ሲያጠጡ ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠይቃሉ፤ «ልጄ፣ ሞሲሳ ኤጄታ የሚባል አላየህም?» አላየንም ይላሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ያልፋሉ። ወንጌላዊ ቀነዓ አንዳንድ ቀን አጠገባቸው ይቀመጣሉ። አርጅተዋል፣ ጸሎታቸው አሁን አጥሯል።

ወንዙ ሞልቶ፣ ዝናብ እየመታቸው፣ «አባባ እንግባ» ስላቸው «ቀጠሮ አለኝ» ይሉኛል። እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ ተስፋዬ ቀጥኗል። ግን በልተው ያድራሉ፣ ተናግረው ይውላሉ። ይህንን የሰጠኸን አንተ ነህ። እንኳን ከእኛ ተወለድክ።

ሲንቄ

*

ጉደር፣ ነሐሴ 17 ቀን 1983 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከራካሪ ለነጋሳ፤

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የእጅ ጽሕፈቱን ካላወቅከው፣ ጽሕፈቴ ድሮም እንደ ዶሮ እግር ነበር፣ አሁን ባሰበት። ሞሲሳ ነኝ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው የገባሁት። ተማርኬ እዚያው ሰሜን ነበርኩ፤ የቆየሁበትን ስገናኝህ እነግርሃለሁ፣ አሁን ግን አፌም አልፈታ ብሎኛል። ግራ እግሬን አነክሳለሁ፣ ሌላው ሰውነቴ የራሴ ነው። ተመስገን።

ከአምቦ በእግሬ መጣሁ። ድልድዩ አፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ዝናብ እየወረደባቸው ተቀምጠዋል። አባባ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ የእኔም ጺም አድጓል፣ ሥጋዬም አልቋል፣ አላወቁኝም። ቅሉን ዘረጉልኝ። እኔም ተቀብዬ ጠጣሁ። «ልጄ፣ ሞሲሳ ኤጄታ የሚባል አላየህም?» አሉኝ።

አንገቱ ላይ፣ ያኔ ውታፉን ስንጠቀጥቅ ድንጋዩ የጫረውን ጠባሳ አይቼ ቅሉን አወቅሁት። ቅሉን ሳልመልስ «አባባ፣ ውታፉን ወንጌላዊው ወሰዱት እንዴ?» አልኩ።

እጅጌዬን ጨምድደው ያዙኝ። አልሳሙኝም፣ እንኳን ገባህ አላሉኝም። ፊታቸውን ወደ ፊቴ አስጠግተው «ቅሉን የያዘው ማን ነበር?» አሉኝ። ምን እንደሚሉ የማውቀው ነገር የለኝ! አእምሯቸው የተነካ መሰለኝ። «ተናገር! ማን ነበር የያዘው?» አሉና እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። ሲንቄ ከዚያ ማዶ የሰው ቁስል እያጠበች ነበር፤ ጎድጓዳ ሳህኑን ጥላ ስትጮህ ድልድዩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሮጠ።

ቤት ከገባን በኋላ ደብዳቤዎቹን ሁሉ አነበበችልኝ። እዚያ ሆኜ ሰው የረሳኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ እናንተ እዚህና እዚያ ሆናችሁ ስለ እኔ ስትከራከሩ ነው የከረማችሁት። ይህንን የት ሄጄ አመሰግናለሁ? ወንጭፍ አይመታም ያልከውን ግን ይቅር አልልህም።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ኦቦ ሆርዶፋ «ምስክሩ ቀርቧል፣ ይናገር» አሉ። ወንጌላዊ ቀነዓ ግንባራቸውን ይዘው ተቀመጡ። አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ከሥር ከሥር ያዩኛል። እኔ ደግሞ በደንብ አስታውሳለሁ፤ ማን እንደያዘው እንደ ትናንት ነው የማየው። ልናገር አፌን ስከፍት አባባን አየኋቸው። በዚህ ክርክር ነው የቆሙት። ከፈረድኩ ነገ ምን ይዘው ይነሳሉ? አንተስ ምን ብለህ ትጽፋለህ?

ተነሳሁና «የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ አንደኛው ተከራካሪ በሌለበት ቃሌን አልሰጥም» አልኩ። አባባ ሳቃቸውን በከዘራቸው ደግፈው «ልክ ነው! የኤጄታ ልጅ ነው!» አሉ። ሽማግሌዎቹም ለሚመጣው ክረምት ቀጠሩ።

ስለዚህ ተከራካሪ ነጋሳ፣ በተባለው ክረምት ጉደር በአካል እንድትቀርብ ታዘሃል። ቦራው ሞቷል፣ ከአምቦ አውቶቡስ ይዘህ ና። አዲስ ቆረቆንዳ አስቀምጫለሁ። እስከዚያው ገበታ ሲቀርብ፣ አባባ ጸልየው አሜን ሊሉ ሲሉ፣ ጮክ ብዬ «ነጋሳንም!» የምለው እኔ ነኝ።

ምስክሩ ወንድምህ
ሞሲሳ ኤጄታ